አሮጊቷ ዝም አለች

ቤዙ የሚሉት ስሙ ስለሆነ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሠርጉና በየአዳራሹ ቤዝ ጊታር ሲጫወት ስለኖረ፣ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ በዚሁ ቀረ። የቤዝ ተጫዋች ዕጣ ደግሞ ይታወቃል። ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን «ዛሬ ይሄ ሙዚቃ ምን ነክቶት ነው?» ይባላል። ሰውየውም እንደ መሣሪያው ነበር፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ የሚቆም፣ ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ግማሽ ፊቱ የሚቆረጥ። ማግባቱን ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው አለፈበት። ጣቶቹን ሪህ ሲይዘው ጊታሩን ሰቀለና የሰው ዘፈን መቅዳትና ማቀናበር ያዘ። ለዚያም ቢሆን ከቤት አልራቀም። እናቱን ጥሎ የት ይሄዳል? ስቱዲዮውን እናቱ ቤት አመጣው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ምላሷም እንደ መርፌዋ የሰላ ነበር፤ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ሴት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ውላ፣ ቀሚሱን ረስታው ትሄድ ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ንግግሯም አብሮ ሄደ። ትሰማለች፣ ታስተውላለች፣ ሰው ትለያለች፤ መመለሱ ነው ያቃታት። ለዚያች ተናጋሪ ሴት የቀራት ግራ እጇና ዓይኖቿ ብቻ ሆኑ። ፈጣሪን ምነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም እንጂ፣ ቢቻል ኖሮ ቤዙ አንድ ሁለት ጥያቄ ነበረው።

ድሮ የስፌት ቤቷ የነበረውን ሰፊ ክፍል ራሱ በስስ የችፑድ ጣውላ ለሁለት ከፈለው። ወዲያ የእናቱ አልጋ፣ ወዲህ የእሱ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች፣ ማይኩ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ። እናቱ የምትጠራበትም ዘዴ ተገኘ። መርፌ ስትገፋ ጣቷ እንዳይወጋ የምታጠልቃት ትንሽ የብረት ቆብ ነበረቻት፤ እሷን በግራ እጇ ጣት አጠለቁላት። ስትፈልገው ራስጌዋ ያለውን ችፑድ ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ ታደርጋለች። እሱ ሙዚቃውን ቀጥ ያደርጋል። ሙዚቃው ቀጥ ሲል እሷም መምታቷን ትተዋለች፤ ልጄ ሰምቶኛል፣ እየመጣ ነው ማለቷ ነው። እንዲህ ሆነው ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ መትታ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። «ልጄ» ማለት ቢያቅታት በግድግዳው ትለው ነበር፣ እሱም ይመጣ ነበር። ከዚህ ዓለም ጋር የቀራት መነጋገሪያ ይህቺው ነበረች።

ታላቅ እህቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ደግሞ የእናቷን ምላስ የወረሰች። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ ትመጣለች፤ እናቷን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ቅባት ትቀባታለች፣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ትነግራታለች። ቤዙ ቀኑን፣ እሷ ማታውን። ደህና ተከፋፍለውት ነበር።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ነው። እሷ እንኳ ምንም አላደረገች፤ የመጀመሪያ አልበሟን ይዛ መጣች እንጂ። ቤዙ ሦስት ዘፈን አቀናብሮ ሰጣት። በማግስቱ ተመልሳ፣ በባሏ መኪና ውስጥ ስትከፍተው በሩ ሊገነጠል ደረሰ፣ አዳራሽ ውስጥ ስትሞክረው ደግሞ ቤዙ ጨርሶ የለም አለችው። «ቤዙ የለም» ሲባል ስለ ራሱ የተወራ ያህል ሆድ ባሰው። ስህተቱ ከየት እንደሆነ ግን አላጣውም። ትንንሾቹ ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ አያወጡትም፤ እሱ ያልሰማውን በግምት ሲጨምር ሲቀንስ ነው የከረመው። ሃያ ዓመት ቤዝ የተጫወተ ሰው ቤዝ አበላሸ ተብሎ ሊወራበት ነው። ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ?

ሙያውን ያስተማሩት አንድ አዛውንት የድምፅ ባለሙያ ናቸው፤ ጋሼ ነው የሚላቸው። ችግሩን ሲነግራቸው ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ያወጡትን ሰብዉፈር ሰጡት፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚገባ ጥቁር ሣጥን። ምክርም ጨመሩለት። የሰብዉፈር ዋናው ነገር ቦታው ነው አሉት። ወፍራም ድምፅ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ይጠፋል፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል ሆድህን ይደበድብሃል፣ ሌላ እርምጃ ስትሄድ የገባበት አይታወቅም። ስለዚህ ሣጥኑን አንተ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጠህ ሙዚቃ ክፈት። አንተ ወለል ላይ ወርደህ በእጅና በጉልበትህ ግድግዳ ግድግዳውን ተከትለህ ዳህ። ድምፁ ሳይከመርም ሳይጠፋም ጥርት ብሎ የተሰማህ ቦታ ላይ ስትደርስ ቁም፤ የሣጥኑ ቦታ እዚያ ነው።

ጋሼ የራሳቸው የሆነች አንዲት ቃልም ነበረቻቸው። ሰብዉፈር በገባበት ቤት ሁሉ አንዲት አሮጊት አለች ይላሉ። የላላ ብሎን ትሁን፣ የመስኮት መስታወት ትሁን፣ መደርደሪያ ላይ የተረሳች ቁልፍ ትሁን አይታወቅም፤ ሙዚቃው ሲጀምር ተነስታ ታጉረመርማለች፣ ሲቆም ዝም ትላለች፣ የት እንዳለች አትነግርህም። አሮጊቷን ዝም ሳታሰኝ ሥራ እንዳትጀምር ብለው ነው ያሳደጉት። ሲገናኙም አሮጊቷ እንዴት አደረገችህ፣ ኧረ አላስቀመጠችኝም መባባል ልማዳቸው ነበር። የማያውቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ቢሰማ ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው ማለቱ አይቀርም።

ቅዳሜ ዕለት እህቱ ቀደም ብላ ስትመጣ፣ ቤዙ ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ፣ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ ሲድህ አገኘችው። ወንበሩ ላይ ጥቁሩ ሣጥን እንደ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ያጓራል።

«በአርባ ስድስት ዓመትህ ዳዴ ጀመርክ?» አለችው።

ወዲያው ወደ እናቷ ክፍል ገብታ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ መዳህ ጀምሯል፣ ጥርስ እስኪያወጣ ነው የምንጠብቀው አለቻት። እናቱ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። ግማሹ ሲስቅ ግማሹ ዝም የሚል ፊት ማየት አንጀት ይበላል፤ ቢሆንም ሳቅ ነበር፣ ቤዙም ከበሩ ላይ ሆኖ አይቶት ደስ አለው።

ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረ። ሦስቱንም ጊዜ ድምፁ ጥርት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ችፑዱ ሥር፣ ልክ ከእናቱ ራስጌ ማዶ። እህቱ አልወደደችውም። ክፍሉ ሙሉ እያለ የእናታችንን ራስጌ ነው ያየህ ብላ ተቆጣች። ቤዙ ሄዶ እናቱን ጠየቀ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚሠራ፣ ከረበሻት ወዲያው እንደሚያነሳው ነገራት። እሷም ግራ እጇን አንስታ አድርገው አለችው። መጠየቁስ ምን ዋጋ አለው? እናት ለልጇ እምቢ የምትለው ልጁ የሚጎዳበት ነገር ሲሆን ነው፤ እሷ የምትጎዳበትን መች ትቆጥረዋለች?

ሰኞን አሮጊት ሲያድን ዋለ። መጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት ሆነች፤ ዳርዳሩን በፕላስተር ለጥፎ ዝም አሰኛት። ቀጥሎ የመብራቱ ክዳን፣ ቀጥሎ የመደርደሪያው ብሎን። ማክሰኞ እናቱን ምሳ አብልቶ፣ ብርጭቆ ውሃ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠላትና ዓይኗ ሲከደን አይቶ ወጣ። ዘፋኟ በማግስቱ ጠዋት መጥታ ልትሰማ ቀጥረዋል። ሙዚቃውን ከፈተ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከቤዝ ድምፁ ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ሰማ። ቀጥ አደረገው፤ ዝም። ከፈተው፤ ትንሽ ቆየና ጠቅ ጠቅ። አሁንም አንዲት አሮጊት ቀርታለች አለ በልቡ።

እናቱ ነበረች። ውሃውን ልታነሳ ስትንጠራራ ብርጭቆው ደረቷ ላይ ተደፍቶ፣ እሷም ከትራሱ ተንሸራታ፣ አንገቷ ጠሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀርታለች። መነሳት አትችል፣ መጮህ አትችል። ትመታለች። ሙዚቃው ቀጥ ይላል። መጣልኝ ብላ ታቆማለች። አይመጣም። ሙዚቃው ይከፈታል። እንደገና ትመታለች።

እንዴት አይለየውም ያሰኛል። ሰውየው እኮ ደንቆሮ አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ያቺን ኳኳታ በሄድፎን ውስጥ እንኳ ሆኖ ይለያት ነበር። አሁን ግን ችፑዱ ራሱ ከሰብዉፈሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ሦስቱ ምት ከከበሮው ጋር እየተቀላቀለ አንዴ ሁለት፣ አንዴ አራት ይመስላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አድኖው ነው። አሮጊት የሚያድን ጆሮ ከአሮጊት በቀር ምንም አይሰማም። ሙዚቃ ሲኖር የምትመጣ፣ ሲቆም የምትጠፋ፤ ጋሼ እንዳስተማሩት አንድ በአንድ፣ ምልክቷ ሁሉ ልክ ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ላይ ታች አለ። መሳቢያዎቹን አወጣ፣ ሽቦዎቹን አሰረ፣ በሩን በወረቀት አጠበቀ። በመጨረሻ ጆሮውን አስጠግቶ ችፑዱን ጠረጠረና መዶሻ አምጥቶ ስድስት ሚስማር መታበት። አስቡት፤ ወዲያ ያለችው ሴት ልጇን ስትጠራ በመዶሻ ተመለሰላት። እሱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «የት አባሽ ትገቢያለሽ!» አለ ጮክ ብሎ። «ዛሬ ዝም ሳላሰኝሽ ከዚህ አልነሳም።»

ከዚያ ሣጥኑን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አራቀው፣ ከሥሩም የመኪና ጎማ ቁራጭ ደለደለበት። ከፈተው። ዝም። አንድ ዘፈን ሙሉ ሰማ፤ ዝም። ሁለተኛውንም ሰማ። የቤዝ ድምፁ ክብ ሆኖ፣ ሳይከመር ሳይጠፋ፣ መጥቶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ጣቶቹ ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ስልኩን አንስቶ ጋሼ ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቺ አሮጊት ቀኑን ሙሉ ስታቃጥለኝ ዋለች» አላቸው። «አሁን ግን ዝም አለች። ተገላገልኳት።»

ጋሼ ሳቁና እንኳን ደስ ያለህ አሉት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ እህቱ መጣች። የእናቷን በር ከፍታ ገባችና ወዲያው ጠራችው፤ በስሙ፣ በእውነተኛው ስሙ። ሲገባ እናቱ ልብሷ ረጥቦ፣ ግማሽ አካሏ ከአልጋ ወጥቶ፣ ዓይኖቿን ጣሪያው ላይ ተክላለች። ሁለቱ ተጋግዘው አነሷት፣ ልብሷን ቀየሩላት፣ አንገቷን በትራስ ደገፉላት። እህቱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የጠራችህ ብላ ጠየቀችው። አልጠራችኝም አለ። አልጠራችኝም ሲል ከልቡ ነበር። እህቱ የእናቷን ግራ እጅ አንስታ አሳየችው። ጣቷ አብጦ የብረቱ ቆብ አልወልቅ ብሏል። ከራስጌዋ ያለው ችፑድ ላይ ደግሞ ቢቆጠር የማያልቅ የብረት ጥርስ ታትሟል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ከላይ ከላይ ጫር ጫር ብቻ ናቸው፣ አቅሟ አልቆ። ከአጠገባቸው የእሱ ሚስማሮች ችፑዱን በስተው ወጥተዋል።

ቤዙ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ይቅር በይኝ እማዬ፣ አልሰማሁሽም፣ ሙዚቃ መስሎኝ ነው እያለ አለቀሰ። እናቱ ያበጠውን እጇን ራሱ ላይ አሳረፈችለት። እህቱ ያን ቀን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ ብትናገረው ይሻለው ነበር። ሳይመሽ ጎረቤት ጠርቶ ሰብዉፈሩን አስወጣና የግቢው ጥግ ላይ ሸራ አለበሰው። ለዘፋኟም ሌላ የድምፅ ባለሙያ ፈልጊ ብሎ ደወለላት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ሰው ይሳሳታል፣ ይጸጸታል፣ ይተዋል ተብሎ ያልፍ ነበር። እናቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳውን መምታት ተወች። መጀመሪያ ጣቷ እስኪድን ነው አሉ። ጣቷ ዳነ፤ አልመታችም። ሐኪም መጥቶ እጇን አይቶ ምንም አልሆነም አለ። እህቱ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ደወል ገዝታ አመጣችላት፤ ጣት ብቻ ይበቃዋል። አልነካችውም። ቤዙ በየግማሽ ሰዓቱ ሲገባ አንዳንዴ ከንፈሯ ደርቆ ያገኛታል፣ አንዳንዴ ፀሐዩ ዓይኗ ላይ አርፎ። ለምን አልጠራሽኝም ሲላት ጉንጩን ትዳብሰዋለች፣ ሌላ የለም። ተቆጥታብኝ ይሆን ብሎ ዓይኗን አየ፤ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ምን ነበር። ሥራውን ተወው ማለት ይቻላል። ስፒከሮቹን አጥፍቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ወዲህ ሆኖ ሦስት ምት ሲጠብቅ ይውላል።

አንድ እሑድ እናቱን ሾርባ እያበላት ነበር። እህቱ ስልክ ሲደወልላት ላለመረበሽ ብላ ወደ ስቱዲዮው ገባችና በሩን ዘጋች። ለሥራ ባልደረባዋ ስለ አንድ ያለቀ መድኃኒት ታስረዳለች። ቤዙ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ለካ በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቱ ክፍል ሆኖ ስቱዲዮው ውስጥ የሚወራውን ሰምቶ አያውቅም፤ እዚያ የሚያወራው ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነበራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእሱ የተተረተ መሰለ። የዚያ ማክሰኞ ወሬው አንድ በአንድ መጣበት። ዝም ሳላሰኝሽ አልነሳም። ይቺ አሮጊት ቀኑን ሙሉ ስታቃጥለኝ ዋለች። ተገላገልኳት። እናቱ ከዚህ አልጋ ላይ ሆና፣ በደንብ፣ ቃል በቃል ሰምታዋለች።

ሾርባውን አስቀምጦ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ያን ቀን አሮጊቷ ያልኩት አንቺን አይደለም» አላት። «በእኛ ሙያ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስም ነው። መስታወት ሊሆን ይችላል፣ ብሎን ሊሆን ይችላል። ጋሼ ናቸው ስሙን ያወጡት።»

አሁን ይሄ ምን የሚሉት ማስተባበያ ነው? ለራሱም ጆሮ ከውሸት የባሰ ውሸት መሰለው። በዓለም ላይ ካለው ስም ሁሉ ጠፍቶ አሮጊት ብለን ጠራነው ብሎ እናቱን ማሳመን። ቀጠለ፤ ስለ መስኮቱ ነገራት፣ ስለ መብራቱ ክዳን ነገራት። እናቱ ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ገባሽ ወይ ሲላት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሷ ግን እሱ የጠየቃትን ሁሉ እሺ ስትል የኖረች ሴት ናት፤ የአሁኑ ራስ መነቅነቅ ከልቧ ይሁን ለእሱ ብላ በምን ይታወቃል?

«እኔ ወዲያ ሄጄ እጠብቃለሁ» አላት። «ካመንሽኝ እንደ ድሮው ሦስት ጊዜ ምቺልኝ።»

ስቱዲዮው ገብቶ እህቱን ስልኩን ዝጊ አላት። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀለ። ጆሮውን ችፑዱ ላይ ለጠፈና ቆመ። እህቱ ምን ሆነ ብላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት በእጁ ዝም አሰኛት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ እኩል እኩል የተመጠነ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ቤዙ በሩን ገንጥሎት ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሮጦ ገባ፤ እንባውና ሳቁ ተቀላቅሎበት፣ «ምን ላምጣልሽ እማዬ? ውሃ? ትራሱን ላስተካክለው?» አላት።

እናቱ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ምንም አልፈለገችም። ምቺ ስላላት ነው የመታችው። እጇን ከግድግዳው አውርዳ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችና እሱን ደስ ይበለው ብላ በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለችለት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረች። አንድም ቀን ደግማ አልመታችም። ውሃ ሲጠማት ሰው እስኪገባ ትጠብቅ ነበር።